ዣን ሜርሞዝና ውቅያኖስ የተሻገረው ፖስታ

በ1919 ዓ.ም. በማርች ወር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን፣ ካልተለየ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) ከፈረንሣይ አገር ከቱሉዝ ከተማ የተነሡ አንድ እንግዳ በሞሮኮ የፈረንሣይ ጠቅላይ እንደራሴ ወደ ነበሩት ወደ ጄኔራል ሊዮቴ ቀርበው ሁለት ነገር አበረከቱ። አንደኛው በዋዜማው በፓሪስ የታተመ ጋዜጣ ነበር። ሁለተኛው ለጄኔራሉ ባለቤት የቀረበ፣ ገና ያልጠወለገ የቫዮሌት አበባ እቅፍ ነበር። ጋዜጣውም ሆነ አበባው በገበያ ዋጋው ጥቂት ሳንቲም ነው። ይሁን እንጂ ከፈረንሣይ የሚመጣው ወሬ ሁሉ በባቡርና በመርከብ ተጉዞ ከብዙ ቀን በኋላ ሲደርሰው ለኖረ ሰው፣ የትናንቱን ጋዜጣ ማንበብና የትናንቱን አበባ ማሽተት ከወርቅ ስጦታ የሚበልጥ ድንቅ ነገር ነበር።

እኒህ እንግዳ ሙሴ ፒየር ዦርዥ ላቴኮኤር የተባሉ የፋብሪካ ባለቤት ሲሆኑ፣ የመጡት በአይሮፕላን ነበር። አመጣጣቸውም ለጉብኝት ሳይሆን፣ ማንኛውም ነጋዴ እንደሚያደርገው የሸቀጣቸውን ናሙና ለገዢ ለማሳየት ነበር። ሊሸጡት ያሰቡትም ሸቀጥ ጊዜ ነበር።

ነጋዴና የዘገየ ደብዳቤ

በዚያ ዘመን ከአውሮፓ ወደ ደቡብ አሜሪካ የሚላክ ደብዳቤ በመርከብ ተጭኖ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ በባሕር ላይ ይቆይ ነበር። መልሱም የዚያኑ ያህል ጊዜ ስለሚፈጅ፣ በብዌኖስ አይሬስ የተቀመጠ የሱፍ ወይም የቆዳ ነጋዴ በማርሴይ ወይም በሃምቡርግ ከሚገኝ ደንበኛው ጋር አንድ ጉዳይ ተጻጽፎ ለመጨረስ አንድ ወርና ከዚያም የበለጠ ጊዜ ያስፈልገው ነበር። ቴሌግራም እንደ ነበረ እርግጥ ነው። ነገር ግን ቴሌግራም ዋጋ ይናገራል እንጂ ፊርማና ማኅተም አይሸከምም። የጭነት ማስረጃው፣ የኢንሹራንሱ ውል፣ የባንኩ ሐዋላና የዕቃው ናሙና የሚሄዱት በፖስታ ብቻ ነበር።

የዚህ መዘግየት ጉዳቱ ምን እንደሆነ የንግድ ሰው ሳይነገረው ያውቀዋል። የጭነት ማስረጃው ከዕቃው ኋላ የደረሰ እንደሆነ ዕቃው በጉምሩክ መጋዘን ይታሰራል፤ የመጋዘኑም ኪራይ በየቀኑ ይቆጠራል። ሐዋላው በመንገድ በቆየ ቁጥር ገንዘቡ ለላኪውም ለተቀባዩም ሳይሠራ ይተኛል፤ ወለዱ ግን አይተኛም። ስለዚህ ደብዳቤውን በስምንት ቀን፣ ከዚያም በአራት ቀን ማድረስ የሚችል ሰው ቢገኝ፣ ነጋዴው የቴምብሩን ዋጋ ብዙ እጥፍ አድርጎ ቢከፍል እንኳ የሚያተርፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ሙሴ ላቴኮኤር ያስተዋሉት ነገር ይህ ነበር።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፋብሪካቸው ለፈረንሣይ ጦር አይሮፕላን ይሠራ ነበር። በኖቬምበር 1918 ጦርነቱ ሲያበቃ ፋብሪካውና ሠራተኛው እንዳለ ሆኖ ገዢው ጠፋ። እርሳቸው ግን ፋብሪካቸውን በመዝጋት ፈንታ ለአይሮፕላኑ አዲስ ሥራ ፈለጉለት። ጦርነቱ ባቆመ በሁለተኛው ወር፣ በዲሴምበር 25 ቀን 1918፣ ኮርኔሞን ከተባለው ነጂ ጋር ከቱሉዝ ተነሥተው የፒሬኔን ተራራ ተሻግረው ባርሴሎና ደረሱ። ያሰቡት መሥመር ከቱሉዝ በእስጳንያ ጠረፍ ወደ ሞሮኮ፣ ከሞሮኮ በሰሐራ ዳር ወደ ዳካር፣ ከዳካርም አትላንቲክን ተሻግሮ ወደ ብራዚልና ወደ አርጀንቲና የሚደርስ ነበር። ብዙ ዐዋቂዎች ይህ ከቶ የማይሆን ነው አሉ። በጊዜው የነበረውን አይሮፕላን ለተመለከተ ሰው አባባላቸው ስሕተት አልነበረበትም።

የመሥመሩ መሣሪያና ሥርዓት

በ1919 በሴፕቴምበር ወር ከቱሉዝ እስከ ራባት የሚሄደው የፖስታ መሥመር ሲከፈት ሥራው በአብዛኛው የወደቀው ከጦርነቱ በተረፉ ብሬጌ 14 በተባሉ አይሮፕላኖች ላይ ነበር። እነዚህም ባለ አንድ ሞተር ሲሆኑ፣ ሞተራቸው 300 የፈረስ ጉልበት፣ ፍጥነታቸውም በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ነጂው የሚቀመጥበት ስፍራ ክዳን ስላልነበረው ዝናቡና ብርዱ በፊቱ ላይ ይወርድ ነበር። ከምድር ጋር የሚነጋገርበት ሬዲዮም አልነበረውም። ሞተሩ በመንገድ የቆመ እንደሆነ ነጂው ያለው ምርጫ ከፊቱ ባገኘው እርሻ፣ አሸዋ ወይም ባሕር ላይ መውረድ ብቻ ነበር።

በ1920 የመሥመሩ ሥራ አስኪያጅ የሆኑት ሙሴ ዲዲዬ ዶራ እንዲህ ባለ መሣሪያ ቀን የተቆረጠለት ሥራ ሊሠራ የሚችለው በጽኑ ሥርዓት ብቻ መሆኑን አመኑ። በርሳቸውም ዘንድ ዋናው ሰው ነጂው ሳይሆን ፖስታው ነበር። ፖስታው በተባለው ሰዓት መነሣት፣ በተባለውም ሰዓት መድረስ አለበት። አዲስ የሚቀጠር ነጂ የቱንም ያህል ዝና ቢኖረው መጀመሪያ ከመካኒኮች ጋር ሆኖ በነዳጅ እጁን እያቆሸሸ ሞተር ሲያጥብና ሲፈታ ይሰነብት ነበር። ሞተሩን ያላወቀ ሰው በበረሐ ላይ ሲቆምበት አይጠግነውም፤ ትዕግሥትን በፋብሪካ ያልተማረም በአየር ላይ አይማረውም።

ዣን ሜርሞዝ ወደ ቱሉዝ የመጣው በ1924 ነበር። የተወለደው በሰሜን ፈረንሣይ ኦባንቶን በተባለች ትንሽ ከተማ በዲሴምበር 9 ቀን 1901 ሲሆን፣ በሶርያ የጦር አይሮፕላን ነጂ ሆኖ ካገለገለ በኋላ ከጦሩ ወጥቶ በፓሪስ ሥራ አጥቶ እጅግ ተቸግሮ ነበር። በፈተናው ቀን ችሎታውን ለማሳየት አይሮፕላኑን በአየር ላይ እያገላበጠ ልዩ ልዩ ትርዒት አሳየ። ሲወርድ ምስጋና ይጠብቀኛል ብሎ ነበር። ሙሴ ዶራ ግን ለትርዒት የሚፈልጉት ሰው እንደሌለ፣ እንዲህ ያለው ሥራ ለሰርከስ እንደሚሆን፣ እርሳቸው የሚሹት እንደ አውቶቡስ ነጂ በሰዓቱ የሚሄድና በሰዓቱ የሚመለስ ሰው መሆኑን ነገሩት። ወጣቱ ተቈጣ፤ ሻንጣውንም ለማንሣት አሰበ። በመጨረሻው ግን ዳግመኛ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ በርሮ፣ ቀጥ ብሎ ዐርፎ ተቀጠረ። በኋላ ዘመን ስሙ በዓለም ሁሉ የተጠራው ይህ ሰው የመጀመሪያውን ትምህርት የተማረው በዚያ ቀን ነበር።

በበረሐው ዳር

በጁን 1925 መሥመሩ ከካዛብላንካ እስከ ዳካር ተራዘመ። ርቀቱ ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ የሚበዛው የሰሐራ ጠረፍ ነበር። ሪዮ ዴ ኦሮ በተባለው ክፍል እስጳንያውያን የሚያዙት ጥቂት ምሽጎችን ብቻ ነበር፤ ከምሽጉ ውጭ ያለው አገር የሙር ጎሣዎች ነበረ። ሞተሩ ቆሞበት በዚያ የወረደ ነጂ በጥም ካልሞተ ይማረካል፤ ካልተገደለም በገንዘብ ይዋጃል። ስለዚህ አይሮፕላኖቹ ሁለት ሁለት ሆነው እንዲበርሩ ታዘዘ። አንደኛው የወደቀ እንደሆነ ሁለተኛው ወርዶ ሰውንና ፖስታን ያነሣ ዘንድ ነው። ከነጂውም ጋር ቋንቋ የሚያውቅና ስለ ቤዛው የሚነጋገር ሙራዊ አስተርጓሚ ይሳፈር ነበር።

በ1926 ሜርሞዝ ራሱ በዚህ በረሐ ላይ ተማርኮ በገንዘብ ተዋጀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኤራብልና ጉርፕ የተባሉ ነጂዎች፣ ፒንታዶ ከተባለው መካኒክ ጋር በዚያው ጠረፍ ጥቃት ደርሶባቸው ለሞት በቁ። ሆኖም በማግሥቱ የሚነሣው ፖስታ አልቀረም። ይህ ነገር ጭካኔ ነው ያሉ ሰዎች በዚያን ጊዜም ነበሩ። የመሥመሩ ሰዎች መልስ ግን፣ ፖስታው አንድ ቀን የቀረ እንደሆነ ደንበኛው በመሥመሩ ያለውን እምነት ያጣል፤ እምነቱ የጠፋ እንደሆነ ደግሞ የሞቱት በከንቱ ሞቱ የሚል ነበር።

ሌሊትና ተራራ

በ1927 ሙሴ ላቴኮኤር መሥመሩን ማርሴል ቡዩ ላፎን ለተባሉ የባንክ ባለቤት ሸጡ። እኒህ ሰው በብራዚል በወደብና በባቡር ሐዲድ ሥራ ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱ ነበሩ። ኩባንያው ከዚያ ጀምሮ ኤሮፖስታል ተባለ። ሜርሞዝም በደቡብ አሜሪካ የነጂዎች አለቃ ሆኖ ተሾመ። በማርች 1 ቀን 1928 ከፈረንሣይ እስከ ደቡብ አሜሪካ ያለው መሥመር ተከፈተ። ርቀቱ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ አይሮፕላኑ ፖስታውን እስከ አፍሪካ ጠረፍ ያደርሳል፤ ፈጣን መርከብ ተቀብሎ ውቅያኖሱን ያሻግራል፤ ከብራዚል ጠረፍ ደግሞ ሌላ አይሮፕላን አንሥቶ ብዌኖስ አይሬስ ያደርሳል። ጠቅላላው ጉዞ ስምንት ቀን ያህል ይፈጅ ነበር።

ይሁን እንጂ ሒሳቡ ገና አልተስተካከለም። ባቡርና መርከብ ከአይሮፕላን ቢዘገዩም ሌሊቱን ሙሉ ይሄዳሉ፤ አይሮፕላኑ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ያርፋል። በቀን ያተረፈውን በሌሊት ይከስራል። ሜርሞዝ ይህን ተመልክቶ ፖስታው በሌሊት መሄድ አለበት አለ። ባልደረቦቹ በመጀመሪያ አመነቱ፤ ምክንያታቸውም ከንቱ አልነበረም። በጠረፉ ላይ መብራት የለም፤ አይሮፕላኑም ሌሊት ለመብረር የተሠራ አይደለም። ሜርሞዝ ግን ሌላውን ከማዘዙ በፊት ራሱ በ1928 በሌሊት ተነሣ። በማረፊያው ሜዳ በተለኮሰ እሳት እየተመራ አርፎ ፖስታውን አስረከበ። ከዚያ በኋላ የሌሊት ጉዞ የመሥመሩ ልማድ ሆነ።

ሁለተኛው መሰናክል የአንዲስ ተራራ ነበር። ይህ ተራራ በአርጀንቲናና በቺሊ መካከል እንደ ግንብ የቆመ ሲሆን፣ ከፍተኛው ጫፉ አኮንካጓ 6,900 ሜትር ያልፋል። በዚያን ጊዜ ሜርሞዝ የነበረው ላቴኮኤር 25 የተባለ አይሮፕላን የሚወጣው ከ4,000 ሜትር ብዙም በማይበልጥ ከፍታ ነበር። ስለዚህ ከተራራው በላይ ሳይሆን በሸንተረሩ መካከል መግቢያ መፈለግ ነበረበት። በማርች 1929 ኮለኖ ከተባለው መካኒኩ ጋር መንገድ ሲፈልግ ወደ ታች የሚደፋ ኃይለኛ ነፋስ ይዞ በአንድ ጠባብ አምባ ላይ ጣላቸው። አይሮፕላኑ ተጎዳ። ሁለቱ ሰዎች በብርድና በረሃብ ውስጥ ሆነው በእጃቸው ባገኙት ቁራጭ ብረትና ጨርቅ ለቀናት ጠገኑት። ከዚያ በኋላ የሚነሣበት ሜዳ ስላልነበረ አይሮፕላኑን ወደ ገደሉ አንደርድረው ለቀቁት። አይሮፕላኑም እየወደቀ ፍጥነት አግኝቶ በረረ፤ ቺሊም ደረሱ። የሚወራው ሁሉ ስለ ሜርሞዝ ጀግንነት ነው። ነገር ግን የተሰበረውን ሞተርና የተሰነጠቀውን ቧንቧ የጠገነው እጅ የኮለኖ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው የአገራችን ተረት በዚህ ላይ እውነትነቱ ይታያል።

በጁላይ 1929 ከብዌኖስ አይሬስ እስከ ሳንቲያጎ የሚሄደው ፖስታ ተከፈተ። ለዚህ የተመረጠው አይሮፕላን ከ6,000 ሜትር በላይ መውጣት የሚችለው ፖቴዝ 25 ነበር። ይህን ስም የአገራችን አንባቢ ያውቀዋል። በሚቀጥለው ወር፣ በኦገስት 18 ቀን 1929፣ ማለት በኛ አቆጣጠር ነሐሴ 12 ቀን 1921፣ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ ያረፈው፣ በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያ የሆነው አይሮፕላንም ፖቴዝ 25 ነበር። ከፍተኛ ተራራ ያለው አገር የሚሻው መሣሪያ በሁለቱም ዓለም አንድ ሆነ።

በዚህ በአንዲስ መንገድ ላይ የሜርሞዝ ወዳጅ አንሪ ጊዮሜ በጁን 1930 በበረዶ ማዕበል ተይዞ ላጉና ዲያማንቴ በተባለ ሐይቅ አጠገብ ወደቀ። ለዘጠና ጊዜ ያህል የተመላለሰበት መንገድ ነበር። ወራቱ በዚያ አገር ክረምት ስለ ነበር በሕይወት ይገኛል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም። እርሱ ግን አምስት ቀንና አራት ሌሊት በበረዶ ላይ ተራምዶ ከሰው ደረሰ። በኋላ እንደ ተናገረው፣ ደክሞ ሊተኛ ባለ ጊዜ ያነሣው አንድ የኢንሹራንስ ጉዳይ ነበር። ሬሳው ያልተገኘ ሰው በሕግ እንደ ሞተ የሚቆጠረው ከብዙ ዓመት በኋላ በመሆኑ፣ ሚስቱ ያን ጊዜ ሁሉ ገንዘቡን ሳታገኝ ትቸገራለች። ስለዚህ በበጋ ሰው ሬሳውን ሊያገኝበት ወደሚችል ዐለት ለመድረስ ተነሣ። ከተነሣም በኋላ መራመዱን አላቆመም። ነጋዴ በየቀኑ የሚፈርመው የውል ወረቀት በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

አንድ ጊዜ መሻገርና ሁልጊዜ መሻገር

ከስምንቱ ቀን አብዛኛውን የሚበላው አሁንም ውቅያኖሱ ነበር። በሜይ 12 ቀን 1930 ሜርሞዝ፣ መንገድ መሪው ዳብሪና የሬዲዮ ሠራተኛው ዢሚዬ በሴኔጋል ከሳን ልዊ ከተማ በላቴኮኤር 28 አይሮፕላን ተነሡ። አይሮፕላኑ በጎማ ፈንታ በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ታንኳ መሳይ እግር ተደርጎለት ነበር። ከመቶ ኪሎ በላይ ፖስታ ተጭኗል። በምድር ወገብ አጠገብ ሌሊቱን ወፍራም ደመናና ዝናብ ገጠማቸው። ዢሚዬ በሬዲዮው በአፍሪካና በአሜሪካ ጠረፍ ካሉት ጣቢያዎች ጋር እየተነጋገረ፣ ዳብሪ የሚሄዱበትን መሥመር እየቀመረ፣ ሜርሞዝ መሪውን ሳይለቅ፣ ከሃያ አንድ ሰዓት ያህል በኋላ በሜይ 13 ቀን በብራዚል አገር በናታል አረፉ። ያቋረጡት ርቀት ከ3,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከፈረንሣይ እስከ አርጀንቲና ያለው የፖስታ ጊዜም በዚያ ጉዞ ከስምንት ቀን ወደ አራት ቀን ገደማ ወረደ።

ደስታው ታላቅ ሆነ፤ ጋዜጦችም መላውን ዓምዳቸውን ለዚሁ ሰጡ። ነገር ግን ከሁለት ወር በኋላ፣ በጁላይ፣ ሦስቱ ሰዎች በዚያው አይሮፕላን ፖስታ ይዘው ሲመለሱ ሞተሩ ዘይት አፈሰሰ። በመንገድ ቆሞ ይጠብቃቸው በነበረው መርከብ አጠገብ ባሕሩ ላይ ወረዱ። ሰውም ፖስታውም ተረፈ፤ አይሮፕላኑ ግን ሰጠመ። በዚያ ቀን የታየው እውነት ለንግድ ሰው ሁሉ የሚጠቅም ነው። አንድ ጊዜ መሻገር ዝና ነው፤ በየሳምንቱ መሻገር ግን አገልግሎት ነው። ነጋዴ ውል የሚፈርመው በአገልግሎት ላይ እንጂ በዝና ላይ አይደለም። ስለዚህ ፖስታው ከዚያ በኋላም ለዓመታት ውቅያኖሱን የተሻገረው በመርከብ ነበር።

ይህ ብቻም አልነበረም። በ1929 የጀመረው የዓለም የንግድ ውድቀትና በ1930 በአርጀንቲናና በብራዚል የተነሣው የመንግሥት ለውጥ የሙሴ ቡዩ ላፎንን ሀብት አናጋው። ከመጀመሪያው ጀምሮ መሥመሩ ከቴምብር ሽያጭ የሚያገኘው ገንዘብ ወጪውን ስለማይሸፍን፣ የሚኖረው በፈረንሣይ መንግሥት ድጎማ ነበር። ድጎማው በተቋረጠ ጊዜ በማርች 1931 ኤሮፖስታል ለሒሳብ አጣሪ ተሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት ሙሴ ዶራ ከሥራቸው ተሰናበቱ። በ1933 የኩባንያው ንብረት አዲስ ለተቋቋመው ለኤር ፍራንስ ተላለፈ። መንገዱን የጠረገው ኩባንያ በመንገዱ ላይ ወደቀ፤ ትርፉንም ሌሎች ሰበሰቡ። በንግድ ዓለም ይህ ነገር እንግዳ አይደለም። አዲስ ገበያ የከፈተ ነጋዴ ሁሉ የገበያውን ፍሬ ይበላል ማለት አይደለም።

በጃንዋሪ 1933 ሜርሞዝ ባለ ሦስት ሞተር በሆነው ኩዚኔ 70 ውቅያኖሱን ከአሥራ አምስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ተሻገረ። ሆኖም በአየር ላይ ቋሚ የፖስታ አገልግሎት አስቀድመው የመሠረቱት ጀርመኖች ነበሩ። እነርሱም ከፌብሩዋሪ 1934 ጀምሮ በውቅያኖስ መካከል መርከብ አቁመው፣ አይሮፕላኑ በመርከቡ አጠገብ አርፎ ነዳጅ ከቀዳ በኋላ በማስፈንጠሪያ እያስነሡት ፖስታቸውን በየጊዜው አሻገሩ። ጉዞው እንደ ሜርሞዝ ጉዞ ባይወራለትም ቀኑን የጠበቀ ነበር። ኤር ፍራንስም በ1936 መጀመሪያ ያለ መርከብ እርዳታ ሳምንታዊ የአየር ፖስታውን አቆመ። ያን ጊዜ ሙሴ ላቴኮኤር በ1918 ያሰቡት መሥመር ተፈጸመ። የፈጀውም አሥራ ሰባት ዓመት ነበር።

የመጨረሻው ቃል

የመሥመሩ ዋጋ ግን በዚህ አላበቃም። በፌብሩዋሪ 1936 መካኒኩ ኮለኖ ከነባልደረቦቹ በውቅያኖሱ ላይ ጠፋ። በዲሴምበር 7 ቀን 1936 ማለዳ ሜርሞዝ ክርዋ ዱ ሱድ በተባለው ባለ አራት ሞተር አይሮፕላን ከአራት ሰዎች ጋር ከዳካር ተነሣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንደኛው ሞተር ስላስቸገረው ተመልሶ አረፈ። መካኒኮቹ አዩት፤ ፈትሸውም አስተካከሉት። ሌላ አይሮፕላን ለመለወጥ ጊዜ ይወስዳል፤ ፖስታውም ይዘገያል። እንደ ገና ተነሣ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ሲሆን በዳካር ያለው የሬዲዮ ጣቢያ የኋላውን ቀኝ ሞተር ማጥፋታቸውን የሚያስታውቅ አጭር ቃል ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልተሰማም። አይሮፕላኑም ሰዎቹም አልተገኙም። ሜርሞዝ ሠላሳ አምስት ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር፤ ውቅያኖሱንም ከሃያ ጊዜ በላይ ተሻግሮ ነበር።

በዚህ መሥመር ላይ ከመጀመሪያው አንሥቶ ሕይወታቸውን ያጡት ነጂዎች፣ መካኒኮችና የሬዲዮ ሠራተኞች ከመቶ ይበልጣሉ። የነጋዴ ደብዳቤ የሰው ሕይወት ዋጋ አለው ወይ? ተብሎ ቢጠየቅ፣ አንድም ደብዳቤ ይህን ያህል ዋጋ የለውም ብሎ መመለስ ይገባል። እነዚያ ሰዎች የከፈሉት ግን ለአንድ ደብዳቤ አልነበረም። ከእያንዳንዱ ውድቀት ሞተር እንዴት እንደሚጠበቅ፣ ሬዲዮ እንዴት እንደሚያገለግል፣ በሌሊት እንዴት እንደሚመራ፣ በውቅያኖስ ላይ አንድ ሞተር ብቻ መያዝ ምን ያህል አደጋ እንዳለው ትምህርት ተገኘ። ዛሬ መንገደኛ ሳይጨነቅ ውቅያኖስን ተኝቶ የሚሻገረው በዚህ ትምህርት ነው።

ለእኛም አገር ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። ከባሕር ርቆ በተራራ ላይ ለሚኖር ነጋዴ የአየር መንገድ እንደ ሁለተኛ ወደብ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኤፕሪል 8 ቀን 1946 በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ፣ የአዲስ አበባ ነጋዴ ደብዳቤው የሚሄድበትን አዲስ መንገድ አገኘ። ዛሬ ብዙው የንግድ ወረቀት በሽቦና በሞገድ በቅጽበት ስለሚተላለፍ የፖስታው ከረጢት የቀድሞ ክብሩ የለውም። ዕቃው ግን አሁንም በአየር ይሄዳል። በሆለታ፣ በቢሾፍቱና በዝዋይ አካባቢ የሚቆረጠው ጽጌረዳ በቅዝቃዜ ተጠብቆ በአይሮፕላን ተጭኖ አውሮፓ ገበያ ይደርሳል። አበባ ከዘገየ ዋጋ የለውም፤ ስለዚህ ላኪው የሚከፍለው ለክብደቱ ብቻ ሳይሆን ለቀኑም ጭምር ነው።

ሙሴ ላቴኮኤር በ1919 በራባት ያበረከቱት የአበባ እቅፍ ናሙና ነበር። ናሙናውን ያየ ሰው ሁሉ አደነቀ። ከናሙናው እስከ መደበኛው ሸቀጥ ድረስ ያለውን መንገድ የሄዱት ግን ሜርሞዝና ጓደኞቹ፣ ሞተር የፈቱት መካኒኮች፣ በሌሊት በሜዳ ላይ እሳት ያነደዱት ሠራተኞች፣ ቀኑ ሳይጠበቅ እንዳያልፍ የተቈጣጠሩት አለቆች ናቸው። ዛሬ አንድ ላኪ በጭነት ወረቀቱ ላይ የመድረሻውን ቀን ጽፎ ሲፈርም የሚተማመነው እነርሱ በጀመሩት ልማድ ነው።